የገደሉ አሞራዎች ዘንድሮም ተመልሰዋል፤ ግን ያው ራሳቸው ናቸው?

አፋፍ ላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወፍ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። የቤተሰቦቼ ቤት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ደመናው ከእኛ በታች ይቀራል። ከቤታችን ትይዩ ያለው ገደል ላይ ከላይ ድንጋይ የከደናት ስንጥቅ አለች። እዚያች ውስጥ ያ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ጎጆ ሠርቷል። አገጩ ሥር ጥቁር ጢም ያለው፣ ደረቱ ዝገት የመሰለው። ጥንብ አንሳ አይደለም፣ እሱን እለየዋለሁ።

ማየት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጫጩት አሳድገው ግንቦት ላይ በረረ፤ ያን ቀን እናቴን ከማጀት ጎትቼ አውጥቼ ነው ያሳየኋት። ባለፈው ዓመት ግን ጥሩ ታቅፈው ቆይተው ጥር አካባቢ ድንገት ተዉት፣ ጎጆው ባዶውን ቀረ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደግሞ የበግ ጸጉርና እራፊ ጨርቅ ሲያመላልሱ አየሁና ደስ አለኝ። አሁን አንዱ ሁልጊዜ ተኝቶበታል።

ጥያቄዬ፣ እነዚህ ያው የድሮዎቹ ናቸው ወይስ ሌሎች? ደግሞስ አምና ምን ነካቸው? አጎቴ «አንተ ነህ አፍጥጠህ እያየህ በዓይን የበላሃቸው» ይሉኛል። ጎረቤቶች ደግሞ ጠቦት ይወስዳል እያሉ ልጆቹን ድንጋይ ያስወረውሯቸዋል። ምን ልበላቸው?

መንዜው፦
በጠቦቱ ልጀምር፣ እሱን ስለማውቀው። እኔ መንዝ ነው ያደግኩት፣ ከጓሳ ብዙም አይርቅም፣ በግ ስጠብቅ ነው ልጅነቴ ያለቀው። ይሄ አሞራ በሕይወት ያለ ጠቦት ሲያነሳ አንድም ቀን አላየሁም። እግሩ እንደ ንስር አይደለም፣ የመጨበጥ ጉልበት የለውም። ጠቦት ሲጠፋብን ጥፋተኛው ቀበሮ ነበር። እሱ የሚመጣው ሁሉም በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቁራውም፣ ጥንብ አንሳውም ይጠግባሉ፣ ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ ይወርድና አጥንቱን ይዞ ይነሳል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፣ ትልቁን ከፍ ብሎ ዓለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ደግሞ ያነሳዋል። እኛ ሰፈር አንድ ጠፍጣፋ ዓለት ነበር፣ ዙሪያው የአጥንት ስብርባሪ ብቻ፤ እረኞቹ «የአሞራው ወፍጮ» ነበር የምንለው። እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ዓለት ካለ ልጆቹን እዚያ ውሰዳቸው፣ አንዴ ሲጥል ካዩ ድንጋይ መወርወሩን ይተዉታል።

ላባ ቆጣሪ፦
ወንድሜ በመጀመሪያ ርዕስህን ላርምልህ። «ተመልሰዋል» አልክ፤ የት ሄደው? እነዚህ የሚሰደዱ ወፎች አይደሉም። ያደገ ጥንድ ዓመቱን ሙሉ ያችኑ ገደል ይዞ ነው የሚኖረው፣ ክረምት ላይ አንተ ነህ በጉም ምክንያት የማታያቸው። የሚመለሰው ዓሣ አዳኙ ጭልፊት ነው። እሱ አውሮፓ ውስጥ ይፈለፍልና እዚያ ብርድ ሲገባ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ በበጋ ዝዋይና ላንጋኖ አካባቢ ይታያል። ስኮትላንድ ውስጥ መራባቱን አቁሞ ከቆየ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. ሎክ ጋርተን የሚባል ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ሰዎች በየዓመቱ ይጠብቁታል። እነሱ እንዲህ ያለው ጥያቄ ቀሏቸዋል፣ ጫጩቱ እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስሩና በመነጽር ያነቡታል።

የአንተዎቹ ቀለበት የላቸውም። ወንዱና ሴቷ እንኳ በመልክ አይለዩም። በደረታቸው ቀለምም አትለያቸው፣ ያ ዝገት ተፈጥሮ ሳይሆን ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየታጠቡ የሚቀቡት ነው፤ የሚያድርባቸው የመኳኳል አመል እኛንም ያስንቃል። የሚረዳህ ክንፉ ነው። የጎደለ ወይም የተሰበረ ላባ ካለ ሳለው፣ ከነቀኑ ጻፈው። የአልፕስ ተራራ ሰዎች ይህንኑ ወፍ ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጨርሰውት ነበር። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣቶችን ሲለቁ የአንዳንዱን ክንፍ ላባ በየመልኩ እያነጡ ነው የሚለዩአቸው። እሱም ላባ እስኪቀይር ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያንተም ሥዕል እንደዚያው።

ሌላው፣ ጭንቅላቱን እይ። ወጣቱ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፣ እስኪነጣ ድረስ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየኸው ጫጩት ዘንድሮ ባለትዳር ሊሆን አይችልም።

የአምናውን በተመለከተ፣ የሚታቀፉት አንድ ሁዳዴ ያህል ነው፣ 55 ቀን ገደማ። ኅዳር ላይ ከጀመሩ ጥር መፈልፈያው ነው። ያኔ መተዋቸው እንቁላሉ ከጅምሩ ፍሬ ያልያዘ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ብርዱ ጫጩቱን ወስዶታል፣ ወይ ሰው ተጠግቷል። አጎትህን ግን በዓይን እንደማይበላ ንገራቸው። ገደሉን ወርደህ ካልሄድክባቸው ከቤትህ ሆነህ ብታያቸው ምንም አይሆኑም።

የደብረ ሲናዋ፦
ሁዳዴ ካልክ አይቀር፣ ጫጩቱ ብዙ የሚበላው ልክ እሱ ላይ ነው። እኛ ስንጾም በየቤቱ አይታረድም፣ አጥንት የለም! እንግዲህ ሜዳ ላይ በሞተ በግና አህያ ነው የሚያሳድጉት። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በየከተማው ባለቤት የሌለው ውሻ በመርዝ ሲገደል ሬሳው ሜዳ ይጣላል፣ አሞራው ያነሳዋል። አንድ ጊዜ ቆሻሻ መጣያው ጋ ክንፉን ዘርግቶ የሞተ አይቻለሁ፣ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የኤሌክትሪክ ሽቦም ይገድላቸዋል። አንተ ገደሉ አጠገብ አዲስ መስመር ተዘርግቶ እንደሆነ እይ። ደግሞ በሞቴ፣ ስንጥቋ የት እንደሆነች ከዚህ በላይ አትጻፍ፣ ነገ ድሮን ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

አፋፍ ላይ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ቦታውን ከዚህ በላይ አልናገርም። መስመሩን አየሁት፣ አዲስ ነገር የለም። የሁለቱም ጭንቅላት ነጭ ነው። ትናንት 3 ሰዓት ላይ ተቀያየሩ፤ ከጎጆው የወጣው ቀኝ ክንፉ መሃል ላይ አንድ ላባ ጎድሎታል፣ ደብተሬ ላይ ሳልኩት። ያሳየሁት ለአጎቴ ነበር፣ ባይኖኩላሩን ተቀበሉኝና እስካሁን አልመለሱልኝም። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ብነሳ ቀድመውኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው አፋፉ ላይ ተቀምጠዋል። «ዝም በል፣ ተነቃነቀ» አሉኝ።