ጆከር ላይ ያሉት ጥቁር ሴቶች ምን ይሠራሉ?

ማታ_ፊልም፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ጆከር የሚባለውን ፊልም ድጋሚ አየሁት። ያኔ ሲወጣ ዓይኔ ሆዋኪን ፊኒክስ ላይ ብቻ ነበር፣ ኦስካሩም ይገባዋል። አሁን ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። አርተር፣ ማለት ፊኒክስ የሚጫወተው በኋላ ጆከር የሚሆነው ሰውዬ፣ ዞር ባለ ቁጥር የሚገጥመው ጥቁር ሴት ነው። አውቶቡስ ላይ ልጄን ተወው የምትለው እናት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፣ ጎረቤቱ ሶፊ፣ መጨረሻ ላይ አርካም የሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ የምታናግረው ሐኪም። የአንዳቸውንም ኑሮ አናውቅም። የሶፊማ ይባስ፣ ፍቅራቸው ራሱ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው የነበረው። ይሄ ጥቁሮችን ማሳተፍ ነው ወይስ የሰውዬውን ብሶት ማድመቂያ? ደግሞ ሶፊን ገደላት እንዴ?

የሸገር_ልጅ፦
ኧረ ባክህ አታካብድ። ፊልሙ የአርተር ነው፣ ካሜራው ከሱ አይለይም፣ የነጮቹንስ ኑሮ መቼ አየን? እናቱን ራሷን የምናውቃት እሱ ባወቃት ልክ ነው። የፊልሙ ከተማ ጎተም ማለት ደግሞ የ80ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ነው፣ የሚጨፍርበት ደረጃ ብሮንክስ ነው ያለው። እዚያ ሰፈር ጥቁር ጎረቤት ባይኖረው ነበር የሚገርመኝ። ሶፊ አልሞተችም፣ 2024 ላይ በወጣው ሁለተኛው ክፍል ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክራለች።

የሜሪላንዷ፦
የሸገር ልጅ፣ መኖራቸውንማ ማን ጠላ። ጸሐፊው ምን ሰጣቸው ነው ጥያቄው። እኔ እዚህ የምሠራው ከአእምሮ ሕመምተኞች ጋር ነው፣ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች ናቸው፣ ስለዚህ ያቺን ማኅበራዊ ሠራተኛ ገና ሳያት አወቅኳት። አርተር አታዳምጪኝም ብሎ ሲወቅሳት በጀታችን ተቆርጧል፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ ከላይ ያሉት ላንተም ለእኔም ግድ የላቸውም ትለዋለች። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ሁለቱንም ያው አንድ ሰው ነው የጣላቸው። ከዚያ አርተር መድኃኒቴን ከየት ላመጣ ነው ብሎ ይወጣል፣ ፊልሙም አብሮት ወጥቶ እሷን እዚያው ረሳት። ሥራዋን አጥታ የት ገባች? አምስት ደቂቃ ቢሰጧት ምን ነበረበት።

ዳር_ተመልካች፦
ትልቁ ነገር እኮ አርተር ባቡር ውስጥ ሰው የሚገድልበት ትዕይንት ነው፣ እውነተኛ ታሪክ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 በርንሃርድ ጌትስ የሚባል ነጭ ኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ አራት ጥቁር ወጣቶችን በሽጉጥ መታ። አንዱ አምስት ዶላር ስጠኝ ብሎት ነበር። አራቱም ተረፉ፣ አንደኛው ግን ሽባ ሆኖ ቀረ። ብዙ የከተማው ሰው ጌትስን ጀግና አደረገው፣ በ1987 ደግሞ ከግድያ ሙከራ ክስ ነፃ ወጥቶ በሕገወጥ መሣሪያ ብቻ ጥፋተኛ ተባለ። ፊልሙ ላይ የሚገደሉት ግን ሱፍ የለበሱ ሦስት ነጭ የኩባንያ ሰዎች ናቸው፣ ያውም ሴት ሲያስቸግሩ የነበሩ። እንዲህ ሲሆን ከተማው ሲያጨበጭብ የሀብታምና የድሃ ጠብ ይመስላል፣ ተመልካቹም አርተርን እየወደደ ይቀጥላል። ታክሲ ድራይቨር የሚባለው የድሮ ፊልም ላይም ያው ነው፣ የፖል ሽሬደር ስክሪፕት ላይ ልጅቷን በሴተኛ አዳሪነት የሚያሠራት ሰውዬ ጥቁር ነበር፣ ሲቀረጽ ነጩ ተዋናይ ሃርቪ ካይትል ሆነ።

የሸገር_ልጅ፦
ቆይ፣ የሚገደሉት ጥቁር ቢሆኑስ ዛሬ ምን ትሉ ነበር? እናንተን የሚያስደስት ፊልም ገና አልተሠራም።

ዳር_ተመልካች፦
ጥቁር ይግደል አልኩ እንዴ? ከተማዋን ከነቆሻሻዋ ከነባቡሯ ወስዶ ዘረኝነቷን ብቻ ጥሎ መጣ ነው ያልኩት።

እቴነሽ፦
እናንተ በቀለም ስትጣሉ ጌሪን የሚያነሳ ጠፋ። ሌይ ጊል የሚጫወተው፣ ቁመቱ አጭር የሆነው የሥራ ጓደኛው። አርተር ዓይኑ እያየ ሰው ገድሎ አንተ ብቻ ነህ ደግ የነበርክልኝ ብሎ ይለቀዋል፣ ከዚያ ጌሪ የበሩ ሰንሰለት ላይ አልደርስ ብሎ ክፈትልኝ ይላል። እኔ ባየሁበት ሲኒማ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እንድንስቅ ታስቦ የተሠራ ትዕይንት ነው፣ በጣም አናዶኛል። ሁለተኛውን ክፍል ሰው ሁሉ ቢጠላውም ጌሪን ፍርድ ቤት አቅርቦ ያ ቀን ምን እንዳደረገው ማንም ሳይስቅበት እንዲናገር አድርጓል።

ማታ_ፊልም፦
እሱን እኮ ዘፈን አለበት ሲሉኝ ተውኩት።

እቴነሽ፦
ዘፈኑን እያለፍክ የጌሪን ብቻ እይ።