የቶንጋን ዘውድ ያቆየው፣ የሃዋይን ያሳጣው የመሬት ሕግ ነውን?

አወያይ፦
ባለፈው ሳምንት የታሪክ መምህሩ «ቶንጋ መሬቷን ለባዕድ ስለማትሸጥ ዘውዷ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ሃዋይ ግን በገዛ ሕጓ መሬቷን ለገበያ አውጥታ መንግሥቷን አጣች» ብለው ጽፈው ነበር። ብዙ አባላት ይህ አባባል ራሱን ችሎ እንዲመረመር ስለጠየቁ ክርክሩን ከፍቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን። የአገራችን የመሬት ፖሊሲ እዚህ እንዳይገባ አደራ እላለሁ፤ አንዴ ከገባ ሁለቱ አገሮች ስለሚገኙባት የፓሲፊክ ደሴቶች ክልል፣ ስለ ፖሊኔዥያ፣ የሚናገር ሰው እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

የታሪክ መምህሩ፦
ያልሁትን በማስረጃ ላቅርብ። በሃዋይ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ንጉሡ ለመኳንንቱ ያድላል፣ ገበሬውም ከተራራው ጫፍ እስከ ባሕሩ ዳርቻ በሚወርደው «አሁፑዋአ» በሚባለው ይዞታ ውስጥ ታሮ የተባለውን ሥራ ሥር እያመረተና ዓሣ እያጠመደ ይኖራል። ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ በ1848 «ማሄሌ» በተባለው ክፍፍል መሬቱን ለዘውዱ፣ ለመንግሥትና ለመኳንንት ከፋፈለ። ከዚያ በኋላ የወጡትን የሁለት ሕጎች ቅደም ተከተል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ የውጭ አገር ሰው መሬት እንዲገዛና እንዲሸጥ የፈቀደው ሕግ ጁላይ 10 ቀን 1850 ሲወጣ፣ ገበሬው ያረሰውን በስሙ እንዲያስመዘግብ የፈቀደው ሕግ የወጣው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኦገስት 6 ነው። ማስለካት፣ ምስክር ማቅረብና ክፍያ መፈጸም ለማያውቀው ሕዝብ የደረሰው በድምሩ 30,000 ኤከር አይሞላም፤ ይህም ከመላው አገር ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው።

ቶንጋ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። ቀዳማዊ ጆርጅ ቱፖው በ1862 ተራውን ሕዝብ ከመኳንንቱ የግዴታ ሥራ ነጻ አወጣ፤ የ1875 ሕገ መንግሥትም መሬት መሸጥን ለዘለዓለም ከለከለ። በኋላ በጸኑት ሕጎች መሠረት 16 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ 8¼ ኤከር የእርሻ መሬት የመጠየቅ መብት አገኘ። የባዕድ ከበርቴ ቶንጋ ውስጥ ሊነግድ ወይም ሊከራይ ይችላል፤ ባለርስት ግን ሊሆን አይችልም። በሃዋይ በ1887 ንጉሥ ካላካዋን በጠመንጃ አስፈራርተው ሥልጣኑን የሚነጥቅ ሕገ መንግሥት ያስፈረሙት ሰዎች የቆሙት ርስት ባደረጉት መሬትና በሸንኮራ አገዳው ሀብት ላይ ነበር። የላይኛውን ምክር ቤት ለመምረጥ 3,000 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ወይም 600 ዶላር የዓመት ገቢ ያስፈልጋል ብለው ሲደነግጉ ባለ አገሩን በአገሩ ላይ ጭሰኛ አደረጉት።

የሕግ ባለሙያዋ፦
መምህር፣ የሕጎቹን ቅደም ተከተል በትክክል አስቀምጠዋል፤ የወጡበትን ምክንያት ግን ዘለውታል። በ1843 የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ጆርጅ ፖውሌት በሥልጣኑ ላይ የራሱን ድፍረት ጨምሮ ሃዋይን ለአምስት ወር ያዘ፤ ደሴቶቹን ለንጉሡ የመለሰው አድሚራል ቶማስ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 እንግሊዝና ፈረንሳይ የሃዋይን ነጻነት በጽሑፍ ቢያውቁም፣ ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ ነገ ሌላ መርከብ ሊመጣ እንደሚችል ተረድቷል። በጊዜው በነበረው የአገሮች ልማድ ድል አድራጊ የመንግሥትን መሬት ይወርሳል፣ የግለሰብን ርስት ግን ያከብራል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ መሬትን የግል ማድረግ ከወረራ የሚተርፍ ነገር ማስቀሪያ መስሎ ታይቷል። እርስዎ አገር መሸጥ ያሉት ሥራ በታሰበበት ሰዓት አገር ማዳን ነበር።

ከዚህ የሚከብደውን ደግሞ ልጨምር። «አይሸጥም» የሚለው ድንጋጌ በሃዋይም ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 1865 የወጣው ሕግ የዘውዱን መሬት፣ ማለትም ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋውን፣ ከእንግዲህ ሊሸጥ አይችልም ብሎ ለነገሥታቱ ተከታታይ ወራሾች አጸናው። ታዲያ አዳነውን? በ1893 ንግሥት ሊሊዑኦካላኒን የገለበጡት ሰዎች ያንን መሬት ባለቤት እንደሌለው ዕቃ አገኙት፤ በ1895 ከመንግሥት መሬት ጋር ቀላቀሉት፤ በ1898 ለአሜሪካ አስረከቡት። ንግሥቲቱ ካሳ ብትጠይቅ የአሜሪካ የይገባኛል ፍርድ ቤት በ1910 መሬቱ የዘውዱ እንጂ የእርሷ የግል ንብረት አልነበረም፣ ዘውዱም ስለሌለ የምትጠይቀው ነገር የለም ሲል ወሰነባት። የማይሸጥ በመሆኑ ምክንያት የግል ርስት ሳይሆን ቀረ፤ የግል ርስት ባለመሆኑም ተወረሰ። የመምህር መከራከሪያ ይህን ፍርድ እንዴት እንደሚያልፈው አላውቅም።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ሁለታችሁም ስለ መሬት ስትጽፉ እኔ ስለ ባሕሩ ላስታውሳችሁ። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ የኖረ ሰው ካርታ የሚያነበው ከወደቡ ጀምሮ ነው። ሃዋይ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ርቃ በሰሜን ፓሲፊክ መካከል ትገኛለች፤ በድንጋይ ከሰል በሚሄድ መርከብ ዘመን ከዚያ ውጭ ማረፊያ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በዚያ ላይ ፐርል ሃርበር አለ። አሜሪካ በ1887 ከሃዋይ ጋር የነበራትን የስኳር ንግድ ስምምነት ስታድስ የጠየቀችው ዋጋ ያንን ወደብ ለብቻዋ መጠቀም ነበር። በ1898 ከስፔን ጋር ስትዋጋና ጦሯን ወደ ፊሊፒንስ ስትልክ ደግሞ ሃዋይን መጠቅለሉ በሳምንታት ውስጥ አለቀ።

ቶንጋን ያን ያህል የፈለጋት አልነበረም። በ1899 ጀርመንና እንግሊዝ ተዋውለው ጀርመን ምዕራባዊ ሳሞአን ወሰደች፣ በቶንጋ ላይ የነበራትንም ጥያቄ ለእንግሊዝ ተወች። ሜይ 18 ቀን 1900 ዳግማዊ ጆርጅ ቱፖው የወዳጅነት ውል ፈርሞ የውጭ ጉዳዩን ለእንግሊዝ ሰጠ፤ ሙሉ ሥልጣኑ የተመለሰው ጁን 4 ቀን 1970 ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ሚስዮናዊ ሸርሊ ቤከርን በ1890 ከአገሪቱ ያስወጣው የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ነው። መሬቷን ያልሸጠች አገር የራሷን ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሳት የምትችለው በባዕድ እጅ ከሆነ፣ ነጻነት የሚለውን ቃል ስንጠቀም ቆጠብ ማለት ይገባናል።

የታሪክ መምህሩ፦
ጋሼ፣ ስለ ወደቡ ያሉትን ተቀብያለሁ። የሕግ ባለሙያዋ ስለ 1865 ሕግ ያነሱትም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ነገር ግን ታሪኩን ሙሉ እናድርገው። ያ የማይሸጥ የተባለ የዘውድ መሬት በ1882 ተሽንቁሯል። ክላውስ ስፕሬክልስ የተባለው የስኳር ከበርቴ ከልዕልት ሩት ኬኤሊኮላኒ አጠራጣሪ የሆነ የውርስ ጥያቄዋን በ10,000 ዶላር ገዝቶ፣ ጥያቄውን ለመተው ሲል በማዊ ደሴት ዋይሉኩ ላይ 24,000 ኤከር ገደማ በሕግ ተሰጥቶታል። ሕጉን ያሸነፈው እንግዲህ በሌላው መሬት ላይ አስቀድሞ የተከማቸው ሀብት ነው። የአሜሪካን ጦር ጉዳይም በዚሁ ዓይን ነው የማየው፦ ንግሥቲቱ ልትገለበጥ ስትል፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1893 ከአሜሪካ የጦር መርከብ ከ«ቦስተን» የወረዱት 162 ወታደሮች በራሳቸው አልመጡም። ለአሜሪካው ልዑክ ጆን ስቲቨንስ ጥሪ ያቀረበው ንግሥቲቱን ለመገልበጥ ያሴረው 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ስኳርን ሁሉ ከቀረጥ ነጻ አድርጎ ለአገር ውስጥ አምራች ብቻ በፓውንድ ሁለት ሳንቲም ድጎማ ሲሰጥ፣ ለሃዋይ አምራች ያንን ድጎማ ማግኛው መንገድ አሜሪካዊ መሆን ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ቀረጡ የ1893ን ሰዎች ፍላጎት ያስረዳል፤ የቻሉበትን ምክንያት ግን አያስረዳም። ንግሥቲቱ ሥልጣኗን ስትለቅ እጅ የሰጠችው ለኮሚቴው ሳይሆን ለአሜሪካ የበላይ ኃይል መሆኑን በጽሑፍ አስፍራለች፤ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለኮንግረስ በላኩት መልእክት በደል መፈጸሙን አምነዋል። በ1897 ደግሞ መሬት አልባ የተባለው ሕዝብ 21,269 ፊርማ አሰባስቦ ወደ ዋሽንግተን ላከ። የአገሬው ተወላጅ በሙሉ ወደ 40,000 ገደማ በነበረበት ጊዜ የተሰበሰበ ፊርማ ነው፤ የመጠቅለያው ውልም በሴኔቱ የሚፈለገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። አሜሪካ በ1898 ውሉን ትታ በተራ አብላጫ ድምፅ በሚያልፍ የጋራ ውሳኔ ነው የጠቀለለቻት። ርስት የሌለው ሕዝብ አገሩን መከላከል አልቻለም የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ጋር አይጣጣምም።

የሶሲዮሎጂ ተማሪዋ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ ቶንጋ ስትጽፉ «ወንድ ሁሉ» የሚለውን ቃል ማንም አላስተዋለውም። ሴት ልጅ ያንን 8¼ ኤከር መጠየቅ አትችልም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ብትይዘውም እንደገና ስታገባ ይወሰድባታል። መሬቱ የሚገኘው በንጉሡና በመኳንንቱ ይዞታ ውስጥ ስለሆነ ጠያቂው በባላባቱ መልካም ፈቃድ ላይ ይወድቃል፤ ሕዝቡ ሲበዛም ለብዙ ወንዶች እንኳ ሳይደርስ ቀርቷል። በኖቬምበር 2006 በኑኩአሎፋ የንግድ ማዕከሉ የተቃጠለው ዴሞክራሲ ዘገየ በሚል ቁጣ ነበር፤ በ2010 ማሻሻያም ቢሆን ሕዝቡ 17 መቀመጫ ሲመርጥ 33 የሚያህሉ ባለማዕረጎች ለብቻቸው 9 ይመርጣሉ። የተረፈው ዘውድ ነው ማለት እንችላለን፤ ተርፎ የጠቀመው ማንን ነው የሚለው ግን ከመሬቱ ሕግ አይለይም።

የታሪክ መምህሩ፦
ልጄ፣ በዚህ አልከራከርሽም። «አይሸጥም» ማለትና «በእኩል ይደርሳል» ማለት አንድ እንዳልሆነ ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ።

ለተከበሩት የሕግ ባለሙያ ደግሞ፣ 1848ን እንደ ክህደት ማቅረቤን እተዋለሁ፤ ንጉሡ የፈራው እውነተኛ ነገር ነበር። «ቶንጋን ሕጉ አዳናት» የሚለውንም ጋሼ ባነሱት በ1899 ውል ምክንያት አነሳለሁ። የማልተወው ጁላይ 10 ቀን 1850ን ነው። የአገሬው ገበሬ በስሙ ከመመዝገቡ በፊት ለባዕድ ገበያውን መክፈት ከወረራ ለማምለጥ አስፈላጊ ነበር የሚል ማስረጃ እስካሁን አልቀረበልኝም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ለዚያ ቀን እኔም ጠበቃ አልቆምለትም። ንጉሡ ካፒታል ያመጣሉ ብለው የሚመክሩት የውጭ ተወላጅ ሚኒስትሮች ነበሩት፤ ምክሩ የማንን ኪስ እንደሞላ ታይቷል። የምለያይዎ በክብደቱ ነው፤ ያ ሕግ ባይወጣ ኖሮ እንኳ ፐርል ሃርበር ካለበት ቦታ አይነቃነቅም ነበር።