ጋዝ ስሰጠው የሚታፈን የቆየ ሞተር፤ ምን ልንካ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በፈረንጆቹ 1985 የተሠራ ቢኤምደብሊው አር80 አርቲ ሞተር ሳይክል ከአጎቴ ወርሻለሁ። 6 ዓመት ጓሮ ቆሞ ከርሟል። አጎቴ የዓባይን በረሃ ስንቴ እንደተሻገረበት ስለማውቅ ለቁራሌው አልሰጠውም። ባትሪና ካንዴላ ቀየርኩ፣ ተነሣ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳልሰጠው) ደህና ነው፤ ጋዝ ስሰጠው ግን ይታፈናል፣ የቀኙ ጭስ ማውጫም ከግራው ይቀዘቅዛል። አንድ መካኒክ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። ላውርደው?

መልስ፣ ባሕር ዳር፦
ኧረ ወንድሜ፣ እንዳታስነካው! ይሄ ሞተር ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ነው ያለው። የቀኙን የላይ ክዳን ፍታ፣ ውስጡ ስስ ጎማ አለ፣ ብርሃን ላይ ዘርግተህ እየው። ከተቀደደ ከሥሩ ያለው ፒስተን ወደ ላይ አይነሣም፤ ስለዚህ በሚኒሞ ይሠራል፣ ጋዝ ላይ ይሞታል። የኔም እንዲሁ ነበር። ስትቀይር የሁለቱንም ቀይር፣ አንደኛው ከሄደ ሌላውም አይቆይም።

መልስ፣ ደጀን፦
እውነቱን ነው። ሳልባትዮውንም (የቤንዚን ታንከሩን) እጠበው፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሆንና ከዝገቱ ጋር የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የቫልቭ ክፍተት የምትለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፣ አድሮ ጠዋት ይሻላል። አደራህን ደግሞ፣ የፍሬን ዘይትና ቱቦ ሳትቀይር ወደ ዓባይ እንዳትወርድ። ከእኛ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ጭነት የያዘ ከባድ መኪናም ፊትህ አይጠፋም።

ጠያቂ፦
ፈታሁት፣ ጥፍር የሚያክል ቀዳዳ! እግዜር ይስጥልኝ። ጎማውን ከአዲስ አበባ አስልኬ እመለሳለሁ።