ደም ውስጥ የገቡ ሰዎችን በኮሚክ መሳል፦ ትንሽነት እንዴት ይታያል?

ባለመቶው ሌንስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ብለድ ፊልም (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ልጄ እስላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የ1966ቱን «ፋንታስቲክ ቮየጅ» አብረን አየን። ላላያችሁት፦ አንጎሉ ውስጥ ደም የረጋበትን ሳይንቲስት ለማዳን አምስት ሰዎችን ፕሮቴየስ ከምትባል ሰርጓጅ መርከብ ጋር ከጀርም አሳንሰው በአንገቱ ደም ሥር በመርፌ ይከቷቸዋል። ያላቸው 60 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሰው ማደግ ይጀምራሉ። ጆሮው ውስጥ ሲደርሱ፣ ትንሽ ድምፅ እንኳ ስለሚያናውጣቸው፣ ውጭ ያሉት ሐኪሞች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። ድንገት መቀስ ወደቀ። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ፤ እስኪያልቅም አልለቀቀኝም።

መጨረሻ ላይ መርከቧን ነጭ የደም ሴል ዋጣት፣ የተረፉት በዓይኑ እንባ ወጡ፣ ፊልሙም አለቀ። ልጄ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። «አባዬ፣ መርከቧስ? እዚያው ሆና ስታድግ ሰውዬው አይፈነዳም?» መልስ አጣሁለት።

እናም ታሪኩን በራሳችን መንገድ ልንስለው ተስማማን። ሦስት ገጽ ስዬ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ቀይ የደም ሴሉን ከመርከቧ እጥፍ አድርጌ ብስለው ልጄ «ይሄ ፊኛ ነው?» አለኝ። ሴሉ ትልቅ ሆነ እንጂ መርከቧ አላነሰችም። ፊልሙ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር መጽሐፍ) ወጥቶለታል? የሳሉት ሰዎች ይህን እንዴት ተወጡት?

አሮጌ ወረቀት

ወንድሜ፣ ወጥቶለታል። ጎልድ ኪይ የሚባለው የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ በ1967 ነው ያሳተመው፤ ዋጋው 12 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ኮሚክ ሻጭ ነው ያገኘሁት፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ስለዚህ በፕላስቲክ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ስዕሉ የዋሊ ውድና የዳን አድኪንስ ነው። ውድ በ1950ዎቹ ኢሲ ለሚባለው አሳታሚ የጠፈር ታሪኮችን ሲስል ስም ያወጣ ሰው ነው፤ የመርከብ ውስጥ መሣሪያን፣ ጥላና ብርሃንን እንደ እሱ የሚያውቅበት ጥቂት ነው።

ለመግዛት ካሰብክ ተጠንቀቅ። በዚያው ስም በ1968 የቴሌቪዥን ካርቱን ወጥቷል፤ ጎልድ ኪይም በሱ ላይ ሌላ ኮሚክ አሳትሟል። እዚያኛው ላይ መርከቧ ቮየጀር ትባላለች፣ የተሰጣቸውም ጊዜ 12 ሰዓታት ነው። ርዕሱን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ሌላ ታሪክ ይደርሰዋል።

የልጅህን ጥያቄ ሳነብ ግን ደስታዬን አልደብቅህም። አይዛክ አሲሞቭ የፊልሙን ጽሑፍ ወደ ልብ ወለድ እንዲለውጥ ሲሰጠው የተጣላው ከዚሁ ቀዳዳ ጋር ነው። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ መርከቧን የዋጠውን ነጭ ሴል እያባበሉ አስከትለውት ይወጣሉ፤ ስብርባሪው ሰውነት ውስጥ አይቀርም። መጽሐፉ ከፊልሙ ወራት ቀድሞ ስለወጣ ብዙ ሰው ፊልሙ ከመጽሐፉ የተሠራ ይመስለዋል። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ነው አልክ? ስምልኝ።

እርሳስና ላጲስ

እኔ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ ነኝ። «ፊኛ» ያለህ ልጅ ትክክል ነው።

የ1957ቱን «ዘ ኢንክረዲብል ሽሪንኪንግ ማን» የሚባል ፊልም እይ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ነው የሚያንሰው። በስፌት መርፌ ሸረሪት ይዋጋል፣ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ይተኛል። መርፌ ስንት እንደሆነ እጃችን ያውቃል፤ ስለዚህ ሰውየውን ስናይ ሳናስበው እንለካዋለን። ውሃውንም ልብ በል። ለትንሽ ፍጡር ውሃ ዝናብ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠብታ ራሱን የቻለ ድብልብል ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ጃክ አርኖልድ ያንን ለማግኘት ውሃ የሞሉ ኮንዶሞች ነው ከላይ ያስጣለው። የታሪኩ ባለቤት ሪቻርድ ማቲሰን ነው፤ ልብ ወለዱን መሠረት ያደረገ አራት ክፍል ኮሚክም በ2015 ወጥቷል፣ ማርክ ቶረስ የሳለው።

የአንተ ታሪክ ግን ከባዱ ነው። ደም ውስጥ መርፌ የለም፣ ክብሪት የለም። የሴልን መጠን የምታውቀው አንተ ነህ እንጂ አንባቢው አይደለም። ፊልሙ ቶሎ ቶሎ ወደ ሐኪሞቹ የሚመለሰው ለዚህ ይመስለኛል። ልጅህ እጅህን የጨመቀው መቀሱ ሲወድቅ አይደል? መቀስ ያውቃላ! ስለዚህ ከሰውነት ውስጥ አንድ ሳጥን (የኮሚክ ገጽ የሚከፋፈልበትን ክፈፍ ማለቴ ነው) ስትስል ከጎኑ ከውጭ አንድ ሳጥን ሳል፦ መቀስ፣ ጥጥ፣ የነርሷ ጣት። ሴሉንም ሙሉውን አታሳይ። የሳጥኑ ጠርዝ ይቁረጠው፤ ዓይን ቀሪውን ራሱ ያሳድገዋል።

ካሴት ቤት

«ዶልማን» የሚባለውን ፊልምም ጨምሩልኝ፣ 1991። ዋናው ሰው ብሪክ ባርዶ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በገዛ ፕላኔቱ ግን ማንም ሰው የሚያህል ነበር፤ ምድር ሲደርስ ነው ሁሉ ነገር የገዘፈበት። ስለዚህ እንደ ትንሽ ሰው አይራመድም፣ እንደ ትንሽም አይናገርም። በዚያው ዓመት ኢተርኒቲ የሚባል አሳታሚ ኮሚክ አውጥቶለታል። አካሄዱን ለመሳል ይጠቅምሃል።

ባለመቶው ሌንስ

ጋሼ፣ ስለ አሲሞቭ የነገሩኝን ለልጄ ሳነብለት አልጋው ላይ ዘለለ። እግዜር ይስጥልኝ።

እህቴ፣ እንዳልሽው አደረግኩ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የነርሷ ጣትና መርፌው ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ላይ የዚያው መርፌ ጫፍ ገደል ሆኖ ግማሹ ከሳጥኑ ወጥቷል፤ መርከቧ ከሥሩ የሰናፍጭ ፍሬ አክላ ትወጣለች። ቀይ ሴሉንም ፊኛ ማድረግ ትቼ በየቀኑ መስታወቱ ላይ ኦይል ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ እንደማየው ሳልኩት፦ መሐሉ ገባ ብሎ የፈዘዘ፣ ዳሩ የወፈረ። ሁለቱን ብቻ ከጠርዝ ቆርጬ አስገባሁ። ልጄ ገጹን አየና ጣቱን መርከቧ ላይ ሊያደርግ ሲል መለሰው። «እጨፈልቃቸዋለሁ» አለኝ።

የቀረኝ ነጩ ሴል ነው። ጊምሳ በሚባለው የላብራቶሪ ማቅለሚያ ቀልሜ የማየው ሐምራዊ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲሄድ ግን ያ ቀለም የለውም፣ በውስጡ ያሳያል። ይህንን ለልጄ ብነግረው ትንሽ አሰበና ታዲያ የዋጣት መርከብ ከውጭ ትታይ አለኝ። ዛሬ ማታ እሱን እንስላለን።