ጎሳሪ ልብላ ወይስ ልተው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደቡብ ኮሪያ ነው። ጾም ሲገባ ቢቢምባፕ (ሩዝ ከአትክልት ጋር የሚደባለቅበት የኮሪያ ምግብ) ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል አዝዛለሁ። ውስጡ ጎሳሪ አለ፤ በዱር የሚበቅል ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል ቡቃያ ነው። ሥጋ ሥጋ ስለሚለኝ በጣም ወድጄዋለሁ።

ሰሞኑን ታዲያ ፕታኩይሎሳይድ የሚባል መርዝ እንዳለው አንብቤ ደነገጥኩ። ፈርኑን ለረጅም ጊዜ የጋጡ ከብቶች ደም ይሸናሉ፣ የፊኛ ካንሰርም ይይዛቸዋል። መርዙ ወተታቸው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ፈርኑን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ካላቸው ነገሮች መድቦታል።

አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው። ስነግራቸው ሳቁብኝ። እሳቸው የደረቀውን ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፣ ይቀቅሉታል፣ ውሃውን ይደፉታል፣ ደጋግመው ያጥቡታል። መርዙ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ይሄ በጣም ይቀንሰዋል። ጃፓኖችማ አመድ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩበታል። ግን መቀነስና መጥፋት አንድ ነው እንዴ? የምግብ ቤቱንስ እንዴት እንዳዘጋጁት በምን አውቃለሁ?

አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ። የምግብ ሳይንስ ወይም ሕክምና የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ በሳምንት ሁለቴ በደንብ የተቀቀለ ብበላ ያሰጋል? ግማሽ ኪሎ የደረቀ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ልጣለው?