«ግሮቴስክ» ዘግናኝ ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኢጣሊያ ሥነ ሥዕል የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። «ግሮቴስክ» የሚለውን ቃል እስካሁን «ዘግናኝ» እያልሁ መጥቼ፣ ሠዓሊው ራፋኤል ከረዳቶቹ ጋር በቫቲካን ቤተ መንግሥት ያሠራቸው ጌጦች ላይ ስደርስ ተቸገርሁ። ሐረግ፣ ወፍና አበባ የሞላበት ግድግዳ ምኑ ይዘገንናል? የቃሉን ምንጭ የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ ፩

ጠያቂያችን፣ ቃሉ የተወለደው ከስሕተት ነው። ንጉሠ ነገሥት ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 ሮማን ካወደመው እሳት በኋላ «ወርቃማው ቤት» የተባለውን ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠራ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ግን ክፍሎቹ በአፈር ተሞልተው፣ ንጉሠ ነገሥት ትራያን በላያቸው የሕዝብ መታጠቢያ ገነባባቸው። በ1480 አካባቢ ሰዎች ከኮረብታው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ሲወርዱ፣ አፈሩ እስከ ጣሪያው ሊደርስ ጥቂት ስለቀረው አዳራሹ ዋሻ መሰላቸው። ሠዓሊዎችም በገመድ እየወረዱ፣ በችቦ ብርሃን ከጣሪያው ሥር እየዳሁ ሥዕሉን ገለበጡ፤ ስማቸውን በጣሪያው ላይ ጭረው የሄዱም አሉ። ዋሻ በጣሊያንኛ «ግሮታ» ስለሆነ፣ የአሣሣሉ ስልት «ግሮቴስካ» ተባለ። ሠዓሊው ፒንቱሪኪዮ በ1502 በኢጣሊያዋ ከተማ በሲየና ካቴድራል ያለውን ቤተ መጻሕፍት ለመሣል የገባው ውልም ይህንኑ ስም ይጠቅሳል። እንግዲህ በመነሻው «የዋሻ ዓይነት» ማለት እንጂ አስቀያሚ ማለት አልነበረም።

መልስ ፪

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም ዘግናኝነቱ ከየት መጣ የሚለው ይቀራል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ቅጠል የሆነ ፍጡር ይታያል፤ ቀጭን አገዳም ሙሉ ቤት ተሸክሞ ይቆማል። ከኔሮን በፊት የኖረው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ እንዲህ ያለውን ሥዕል፣ «የሌለ፣ ሊኖርም የማይችል ነገር ነው» በሚል መንፈስ አጥብቆ ነቅፎታል። ቃሉ ከግድግዳ ወደ ቋንቋ የተሻገረው በዚህ መደባለቅ በኩል ይመስለኛል። ፈረንሳዊው ደራሲ ሞንቴኝ በ1580 ባሳተማቸው ድርሰቶቹ የራሱን ጽሑፍ ከልዩ ልዩ አካላት ከተሰፋ ግሮቴስክ ጋር አመሳስሎታል፤ ሌላው ፈረንሳዊ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ደግሞ በ1827 ግሮቴስክን ከላቀውና ከግሩሙ ጎን አቁሞ የአዲሱ ዘመን ድራማ መለያ አደረገው። ሳቅና ፍርሃት በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አታሚዎች ጫፉ ያልተዋበውን የላቲን ፊደል በዚሁ ስም ጠርተውታል፤ እንግዳ መስሏቸው ይሆናል።)

መልስ ፫

ለጌጡ «ሐረግ» ቢሉትስ? የብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ጌጥ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ሐረግ» ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የብራናው ሐረግ በአብዛኛው የተጠላለፈ መስመር ስለሆነ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ቅጠል የሆነውን ፍጡር አንባቢ በዓይነ ኅሊናው ላያየው ይችላል። ስለዚህ ስለ ሥዕል በሚያወሱት ምዕራፎች «ግሮቴስክ» ብዬ ትቼ በመጀመሪያው ገጽ የዋሻውን ታሪክ እጽፋለሁ፤ ስለ ሁጎ በሚያወሳው ምዕራፍ ግን «አስቂኝም አስፈሪም» እላለሁ። «ዘግናኝ» የሚለውን ዛሬውኑ እሰርዛለሁ።