«7ኛው ክፍል አልደረሰም»፦ በኢሜይል ተቆራርጦ የመጣ የፕሮግራም ፋይል ይከፈታል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ውስጥ ሲሠራ ይጠቀምባቸው የነበሩ ፍሎፒ ዲስኮችን ከሣጥን አውጥቼ ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጫቸዋለሁ። በአንዱ ላይ 11 የጽሑፍ ፋይሎች አሉ። የመጀመሪያው «ቢጊን 644» በሚል መስመር ይጀምራል፤ የቀረው መስመር ሁሉ ለማለት ይቻላል «ኤም» በሚለው የላቲን ፊደል ጀምሮ በማይነበብ ምልክት የተሞላ ነው። በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አባቴ በእስክርቢቶ «12 ክፍል፤ 7ኛው አልደረሰም፤ በድጋሚ ይጠየቅ» ብሎ ጽፏል። ዛሬ በሕይወት ስለሌለ ልጠይቀው አልችልም። ምንድን ናቸው? 7ኛው ሳይኖርስ የሚወጣ ነገር ይኖራል?

መልስ 1
ነፍሳቸውን ይማር። ያገኙት ዩዩኤንኮድ የተባለው አሠራር ነው፤ ኢሜይል ጽሑፍ ብቻ ያስተላልፍ ስለነበር፣ ፕሮግራሙ በየ3 ባይቱ ወደ 4 ፊደል እየተለወጠ ይላክ ነበር። በኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከዚያ በፊት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል በፊዶኔት (በስልክ መስመር እየተደዋወሉ መልእክት በሚለዋወጡ ኮምፒውተሮች መረብ) በኩል መልእክት እያጠራቀመ በስልክ ጥሪ ያስተላልፍ ነበር። ፋይል በቀጥታ ማውረድ ስለማይቻል፣ ውጭ አገር ላለ ኤፍቲፒሜይል ለሚባል አገልጋይ ትእዛዝ በኢሜይል ተጽፎ፣ መልሱ በክፍል በክፍል እስኪመጣ ይጠበቃል።

እኔም በዚያው መንገድ ፋይል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንዱ ክፍል 64 ሺህ ፊደል ቢሆን፣ 12ቱን ሳይጨመቁ በሰከንድ 2400 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ለመቀበል መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ 53 ደቂቃ ይፈጃል። እኛን ያንገበገበን ግን ቀርፋፋነቱ አልነበረም፤ የጎደለውን የምናውቀው ሌላው ሁሉ ደርሶ ካለቀ በኋላ መሆኑና ለአንዲት ክፍል ሲባል ጥያቄውን ከመጀመሪያው መላክ ማስፈለጉ ነበር። የአባትዎ ማስታወሻ ያንን ድካም በአንድ መስመር ይዞታል።

መልስ 2
ተስፋ አይቁረጡ፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ስለሚፈታ የ7ኛው መጉደል የሌሎቹን አያበላሽም። ዋናዎቹን ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ ከየክፍሉ አናት የኢሜይሉን አድራሻና ቀን አጥፍተው ክፍሎቹን በተራ ያጣብቁ። ከመፍታትዎ በፊት ግን በ«ኤም» የሚጀምር መስመር ሁሉ 61 ፊደል መሆኑን ይቁጠሩ። አንዳንድ የመልእክት መተላለፊያዎች በመስመር መጨረሻ ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጡት ስለነበር፣ ያጠረውን መስመር በባዶ ቦታ መሙላት ያስፈልጋል።

የሚወጣው ዚፕ (ብዙ ፋይሎችን ጨምቆ በአንድ የሚያሽግ ፋይል) ከሆነ በተለመደው መንገድ ላይከፈት ይችላል፤ የዚፕ ማውጫ የተጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መሐሉ ሲጎድል ከጉድለቱ በኋላ ላሉት ፋይሎች የተመዘገቡት ቦታዎች ይዛነፋሉ። የዚፕ መጠገኛ ትእዛዝ ግን የየፋይሉን መነሻ ምልክት እየፈለገ፣ ጉድለቱ ያልነካቸውን ያወጣልዎታል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ5ኛው ክፍል 4 መስመሮች አጥረው ነበር፤ ሞላኋቸው። ዚፑ ውስጥ ከነበሩት 9 ፋይሎች 8ቱ ያለ ስሕተት ወጥተዋል፤ የአጠቃቀም መመሪያውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። 7ኛው ክፍል ላይ የተቆረጠው ዋናው ፕሮግራም ነው። የዚፑ ስም ከነቅጥያው በ«ቢጊን» መስመር ላይ ስላለ፣ በቆዩ የፋይል ማከማቻዎች ቅጂዎች ውስጥ መፈለግ ጀምሬያለሁ።